ፊሽካ የሌለው ዳኛ

የእግር ኳስ ዳኛ ጥፋት ሲያይ ወይ ፊሽካውን ይነፋል፣ ወይ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ «ቀጥሉ» ይላል። በሶፍትቦል፣ ማለትም የተወረወረን ኳስ በዱላ መትተው በሚሮጡበት የቤዝቦል ዘመድ፣ ዳኛው ፊሽካ የለውም። ያለው ድምፁና እጁ ነው፤ ጥፋት ሲያይ የሚመርጠው ግን ከአራት ነገር ነው። ጨዋታውን እዚያው ይገድላል፣ ማለትም ያስቆማል፤ ወይም ግራ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ የተጀመረው ድርጊት እስኪያበቃ ይጠብቃል፤ ወይም አይቶ እንዳላየ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ጥፋቱ ከመፈጸሙ በፊት በአንድ ቃል ያስቀረዋል። ዓይኑ እግር ኳስ የለመደ ወላጅ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ትምህርት ቤት ቡድን የምትጫወት ልጁን ሊያይ መጥቶ ከአጥሩ ጀርባ ሲቆም «አይቶ ዝም አለ!» ብሎ ቢናደድ አይፈረድበትም። ዝም ማለቱ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ዝም ያሰኘው ግን ደንቡ ራሱ ነው።

እዚህ የምናገረው ስለ ፋስትፒች፣ ማለትም ወርዋሪዋ ክንዷን እንደ መዘውር አዙራ ከታች ስለምትወረውርበት ጨዋታ ነው። ሯጯ በተራ የምትረግጣቸው ቤዞች አራት ናቸው፤ የመጨረሻው መቺዋ የምትመታበት ሆም ፕሌት ነው፣ ዞራ እዚያ የደረሰች ነጥብ ታስገባለች። ከቤዝ ቤዝ 60 ጫማ (18.29 ሜትር) ነው። ወርዋሪዋ ከምትቆምበት የጎማ ሰሌዳ እስከ ሆም ፕሌት ደግሞ ለትልልቆቹ ልጃገረዶችና ለሴቶች 43 ጫማ (13.11 ሜትር) ነው። በሰዓት 60 ማይል፣ ወደ 97 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የተወረወረ ኳስ ከእጅ ወጥቶ ሆም ፕሌት እስኪደርስ 0.4 ሰከንድ ያህል ቢፈጅ ነው። በዚህ ፍጥነት ውስጥ ዳኛ ቆሞ አያስብም። የትኛው ጥፋት ወዲያው እንደሚጠራ፣ የትኛው እንደሚቆይ፣ የትኛው ጨርሶ እንደማይጠራ አስቀድሞ በራሱ ውስጥ መጨረስ አለበት። ደንቡም አንድ መጽሐፍ አይደለም፤ ዩኤስኤ ሶፍትቦል፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፌዴሬሽን፣ የኮሌጆቹ ኤንሲኤኤ እና ዓለም አቀፉ ደብሊውቢኤስሲ የየራሳቸው አላቸው። መሠረቱ ተመሳሳይ ነው፤ ቅጣቱ ላይ ይለያያሉ። ቅዳሜ ለክለብ፣ ሰኞ ለትምህርት ቤት የሚዳኝ ሰው ሜዳ ከመግባቱ በፊት «ዛሬ በየትኛው ነው?» ብሎ ራሱን ካልጠየቀ ትልቁን ስህተት የሚሠራው እዚያ ላይ ነው።

ወዲያው ከሚገድሉት እንጀምር። በቤዝቦል ሯጩ ከቤዙ ርቆ ቆሞ መጠበቅ ይችላል። በፋስትፒች ግን ኳሱ ከወርዋሪዋ እጅ እስኪወጣ ድረስ የሯጯ እግር ከቤዙ መላቀቅ የለበትም። ቀድማ ከለቀቀች ኳሱ ሞተ፣ ውርወራው አልተቆጠረም፣ ሯጯም አውት ናት፣ ማለትም ተራዋ አብቅቶ ትወጣለች። መቺዋ በዚያው ውርወራ ሆምረን፣ ማለትም ከአጥር ወዲያ የሚያልፍ ምት፣ ብትመታ እንኳ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለዚህ ዳኛው «ዴድ ቦል!» ብሎ ሁለት እጁን ማንሳት ያለበት በዚያችው ቅጽበት ነው። ኳሱ ከአጥር ወዲያ ካረፈ በኋላ የመጣ ጥሪ ትክክል ቢሆንም የሚያምነው የለም።

ችግሩ እጅና እግር በአንድ ጊዜ ትኩር ተብለው አይታዩም። የተካኑ የቤዝ ዳኞች ዓይናቸውን ቤዙ ላይ ባለው እግር ላይ ተክለው፣ የወርዋሪዋን ክንድ በዓይናቸው ጠርዝ ይከታተላሉ። እጇ ጭኗ አጠገብ ሲደርስ ኳሱ እንደሚወጣ ከጥቂት ውርወራ በኋላ ምቱን ይይዙታል። ጀማሪው ኳሱን ይከተልና ዘወር ሲል ሯጯን ሁለት ሜትር ርቃ ያገኛታል፤ «እዚህ ለመድረስ ቀድማ ሄዳ መሆን አለበት» ብሎ ይጠራል። ይህ ግምት ነው፣ ዳኝነት አይደለም። በተለይ አንድ እግሯን ከቤዙ ኋላ አድርጋ ሰውነቷን ወደ ፊት እያወዛወዘች የምትነሣ ሯጭ ታሳስታለች፤ ትከሻዋ ሄዷል፣ እግሯ ግን ገና ቤዙን ነክቷል። የሚፈርደው እግሩ ነው። ያም ሆኖ ነገሩ ቀላል ጥፋት አይደለም። በሰከንድ 6 ሜትር የምትሮጥ ልጅ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ 60 ሳንቲ ሜትር ታልፋለች፤ የተሰረቀ ቤዝ (ኳስ ሳይመታ በሩጫ የተያዘ) ደግሞ ከዚያ ባነሰ ርቀት ይወሰናል።

ሌላው ወዲያው የሚገድል፣ ዳኞቹ ኢንተርፌረንስ የሚሉት ነው፤ የሚመታው ቡድን ተጫዋች የተከላካይን ሥራ ስታሰናክል ማለት ነው። ዋናው ምሳሌ ተከላካይዋ መሬት ለመሬት የሚመጣውን ኳስ ልታነሣ ስትል ሯጯ ብትጋጫት ነው። የተመታ ኳስ በመጀመሪያ የተከላካይዋ ነው፤ መዞር ያለባት ሯጯ ናት፣ ሆን ብላ ባታደርገውም። ወዲያው የሚገደልበት ምክንያት ሌሎቹ ሯጮች ጥፋቱ በተፈጸመበት ጊዜ ወደ ነበሩበት ቤዝ ስለሚመለሱ ነው። ጨዋታው ሦስት ሰከንድ ቢቀጥል ማን የት እንደነበረች የሚያስታውስ አይገኝም።

የመቺዋ ሣጥንም እዚሁ ይገባል። 3 በ7 ጫማ ነው፤ ኳሱን ስትመታ አንድ እግሯ ሙሉ በሙሉ ከመስመሩ ውጭ መሬት ከነካ፣ ወይም ሆም ፕሌቱን ከረገጠች አውት ናት። ይህን ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት በግራ በኩል ቆመው እየሮጡ ኳሱን ነካ የሚያደርጉት፣ ስላፐር የሚባሉት መቺዎች ናቸው። የሆም ፕሌት ዳኛው ዓይን ኳሱ ላይ ስለሆነ ያመልጠዋል። ያመለጠው ዳኛ መሬቱ ላይ ያለውን ዱካ አይቶ ለመፍረድ ይፈተናል፤ ዱካው ከምቱ በኋላ በተወሰደ እርምጃ የተተወ ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ኢኒንግ፣ ማለትም ዙር፣ የመስመሩ ኖራ ተረግጦ ከጠፋ ደግሞ ነገሩ ይባስ ይከፋል። ካላዩት ይለፉት።

አሁን ወደ ግራ እጅ እንምጣ። የሶፍትቦል ዳኛ ግራ ክንዱን ወደ ጎን አግድም ዘርግቶ ጡጫውን ከጨበጠ፣ «ጥፋት አይቻለሁ፣ ግን ኳሱ በሕይወት አለ» ማለቱ ነው። ለዚህ ዋነኛው ሕገወጥ ውርወራ ነው።

ወርዋሪዋ የምታጠፋባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። እጆቿ ተለያይተው ሰሌዳው ላይ መቆም፣ ምልክት መቀበል ወይም የተቀበለች መምሰል፣ ከዚያ እጆቿን ማገናኘት አለባት። በዩኤስኤ ሶፍትቦል እና በትምህርት ቤቶቹ ደንብ እጆቿ ቢያንስ 1 ሰከንድ፣ ቢበዛ 10 ሰከንድ ተገናኝተው ይቆያሉ። የምትራመደው እርምጃ በሰሌዳው 24 ኢንች ስፋት ውስጥ ማረፍ አለበት። ክሮው ሆፕ የሚባለው ደግሞ የምትገፋበት እግር ከሰሌዳው ተነሥቶ ወደ ፊት ሄዶ ዳግመኛ መሬት ተክሎ ከዚያ ሲገፋ ነው። ይህ እውነተኛ ማጭበርበር ነው፤ 43ቱን ጫማ ያሳጥረዋል። ሁለቱም እግሮች አየር ላይ ሆነው መዝለል ለሴቶች ለረጅም ዘመን የተከለከለ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን መፍቀድ ተጀምሯል። ዳግመኛ ተክሎ መግፋት ግን አሁንም ጥፋት ነው፤ ዳኛውም ሁለቱን መለየት ይጠበቅበታል።

ለመለየት የሚመቸው ቦታ የሆም ፕሌቱ ኋላ አይደለም። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው የሚጎተት እግርና የሚዘል እግር አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ሁለት ዳኞች ሥራውን ይካፈላሉ፤ የሆም ፕሌቱ ዳኛ እጆቹን፣ የ1 ሰከንዱን ቆይታና የ24 ኢንቹን ስፋት ያያል፤ ከጎን የቆመው የቤዝ ዳኛ እግሩን ያያል። መሬቱም ይናገራል። የምትጎትት ወርዋሪ ከሰሌዳው ጀምሮ የማይቋረጥ መስመር ትተዋለች። መስመሩ ተቋርጦ ራቅ ብሎ የጫማ ጥፍር የቆፈረው ጉድጓድ ካለ፣ እግሩ እዚያ ተተክሏል ማለት ነው። ሰሌዳው ፊት ለፊት ጉድጓድ ሲኖር ግን እግሩ ከጉድጓዱ በላይ አየር ላይ ያለፈ ይመስላል፤ ይሄኔ ከመጥራት በፊት ጉድጓዱን በአፈር ማስሞላት ይሻላል።

ሲጠራ ለምን ወዲያው አይገድልም? መቺዋ ያንን ሕገወጥ ውርወራ አሳምራ ልትመታው ትችላለችና። ዳኛው ቢገድለው ያጠፋችውን ወርዋሪ አዳናት ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ከእግር ኳሱ «ቀጥሉ» ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በእግር ኳስ ጥቅም መኖሩን የሚመዝነው ዳኛው ነው፤ በሶፍትቦል የሚመዝነው የተበደለው ቡድን አሠልጣኝ ነው። መቺዋ አንደኛ ቤዝ በሰላም ከደረሰችና ሯጮቹ ሁሉ ቢያንስ አንድ ቤዝ ከተራመዱ ጥፋቱ ይረሳል። ካልሆነ ዳኛው ወደ አሠልጣኙ ሄዶ ሁለት ነገር ያቀርብለታል፤ የተፈጠረውን ውጤት ወይም ቅጣቱን።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ አለች፣ አንድ አውት ሆኗል። ዳኛው ግራ እጁን ዘረጋ። መቺዋ ኳሱን ወደ ሩቅ ሜዳ ሰቀለችው፣ ተያዘ፤ ሯጯ ከተያዘ በኋላ ተነሥታ ሆም ገባች። መቺዋ አውት ስለሆነች ጥፋቱ አልተረሳም። በድሮው ደንብ ቅጣቱ ለመቺዋ አንድ ቦል (አራት ሲሞላ ወደ አንደኛ ቤዝ በነፃ የሚያስኬድ ቆጠራ)፣ ለሯጮቹ ሁሉ አንድ አንድ ቤዝ ነበር፤ ስለዚህ አሠልጣኙ ብዙ አይጨነቅም፣ ቅጣቱን ቢወስድ ሯጯ ለማንኛውም ትገባለች፣ መቺዋም ትመለስለታለች። በቅርብ ዓመታት ግን በርካታ የአሜሪካ ደንቦች የሯጮቹን ቤዝ አንሥተው የመቺዋን ቦል ብቻ አስቀርተዋል። አሁን አሠልጣኙ በእጁ ያለችውን ነጥብ ከነአውቱ ይያዝ ወይስ ሯጯን ወደ ሦስተኛ መልሶ መቺዋን እንደገና ያቁም? ዳኛው ሁለቱን በግልጽ ይነግረዋል፣ አይመክረውም። «ነጥቡን ብትወስድ ይሻልሃል» ያለ ዳኛ ወገን ይዟል።

በእኔ አመለካከት ያ ለውጥ ዳኞቹንም አርሟቸዋል። ሕገወጥ ውርወራ ነጥብ በሚያስገባበት ዘመን ሦስተኛ ላይ ሯጭ ስትኖር የዳኛ እጅ ይከብድ ነበር፤ ባዶ ቤዝ ላይ የሚጠራውን በዚያ ሰዓት አያይም። ቅጣቱ ከጥፋቱ ሲገዝፍ ሕጉ በተግባር ይሞታል። አሁን ሰበብ የለም። የመጀመሪያውን ክሮው ሆፕ በመጀመሪያው ኢኒንግ ያልጠራ ዳኛ በሰባተኛው ሲጠራው፣ ልጅቷ ስድስት ኢኒንግ ሙሉ ተፈቅዶልኛል ብላ የወረወረችውን ነው የሚቀጣው። «ጨዋታው ይሙቅ እስቲ» የሚባለው ፈሊጥ ደግነት ይመስላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን መጨረሻ ላይ የምትያዘዋ ልጅ ነች።

ሁለተኛው የግራ እጅ ጥፋት ኦብስትራክሽን ነው፤ ኳስ ያልያዘች፣ የተመታ ኳስም እየተጫወተች ያልሆነ ተከላካይ የሯጯን መንገድ ስታሰናክል። መንካት ግድ አይደለም። ሯጯ ፍጥነቷን ከቀነሰች ወይም ለመዞር ከተገደደች በቂ ነው። «ኳሱ እየመጣላት ነበር» የሚለው የአሠልጣኞች ክርክር በዩኤስኤ ሶፍትቦልም ሆነ በትምህርት ቤቶቹ ደንብ አይሠራም፤ ሊመጣ ያለ ኳስ በእጅ ያለ ኳስ አይደለም።

ሥራው ግራ እጅን በመዘርጋት አያበቃም። ዳኛው በዚያችው ሰዓት በልቡ አንድ ውሳኔ ይይዛል፤ ባትታገድ ኖሮ ይህች ሯጭ የት ትደርስ ነበር? ከዚያ ወዲያ ያ ቤዝ የእሷ ነው። ከሁለተኛ ቤዝ ተነሥታ ሦስተኛን ስትዞር ሦስተኛ ቤዝ ጠባቂዋ መስመሩ ላይ ቆማ አዘገየቻት እንበል። ቀጥላ ሮጠች፣ ሆም ላይ ኳሱ ቀድሟት፣ ኳስ በያዘች ተከላካይ ተነካች። ዳኛው «አውት» አይልም፤ ኳሱን ይገድላል። በታገደችባቸው ሁለት ቤዞች መካከል በዚህ ዓይነት አውት አትሆንም። ባትታገድ ትገባ ነበር ካለ ነጥቡን ይሰጣል፤ አትገባም ነበር ካለ ወደ ሦስተኛ ይመልሳታል። ሁለተኛው ውሳኔ ተመልካቹን ሁሉ ያናድዳል፣ ሁለቱንም አሠልጣኝ ጨምሮ፤ ሆኖም ደንቡ የሚለው ይህንኑ ነው። ከተጠበቀላት ቤዝ አልፋ በራሷ ድፍረት ሄዳ ብትነካ ግን በአብዛኛው አውት ናት።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ጩኸት ነው። የተደናገጠ ዳኛ ግራ እጁን መዘርጋት ረስቶ «ዴድ ቦል!» ይላል። ኳሱ ያኔ ወደ ውጭ ሜዳ እየተንከባለለ ሊሆን ይችላል፤ ሯጯ ሁለት ቤዝ ልትጨምር ትችል ነበር። የሞተ ኳስ አይነሣም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ። ከግራ እጅ ተነሥቶ ወደ ሞተ ኳስ መሄድ ሁልጊዜ ይቻላል፣ ተመላሹ መንገድ ግን ዝግ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ ውስጥ የገባ ዳኛ ማዘግየቱ ያዋጣዋል።

ሉክባክ የሚባለው ደንብ ከሁሉ ይልቅ ዓይን ይፈትናል። ሰሌዳው መሐሉ ላይ የሆነ፣ 8 ጫማ ራዲየስ ያለው ክብ አለ። መቺዋ አንደኛ ቤዝ ደርሳ፣ ወርዋሪዋ ክቡ ውስጥ ኳሱን ይዛ ከቆመች ሯጮቹ መወሰን አለባቸው። ከቤዝ ውጭ የቆመች ሯጭ ወዲያው ወይ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ቤዝ ላይ ያለች ከለቀቀች አውት። «ወዲያው» ስንት ሰከንድ ነው? መጽሐፉ ቁጥር አልሰጠም። ዳኛው ወርዋሪዋ ኳሱን ይዛ ክቡን የገባችበትን ቅጽበት ይይዛል፣ ሯጯ ሁኔታውን አይታ ለመወሰን የሚበቃትን አንዲት ትንፋሽ ይሰጣታል፤ ከዚያ በኋላ እዚያው ቆማ ብትጨፍር ይጠራታል። ወርዋሪዋ ልትወረውር እጇን ካነሣች ወይም የመወርወር ማስመሰል ካደረገች ግን ሯጮቹ ነፃ ናቸው። ይህችን የማያይ ዳኛ ሯጯን ያለ ጥፋቷ ያስወጣል። በአራት ቦል ወደ አንደኛ የምትሄድ መቺ ሳትቆም አንደኛን ዞራ ወደ ሁለተኛ ብትበር ደግሞ ሕጋዊ ነው፤ ሦስተኛ ላይ ሯጭ ያለው ቡድን ይህን ሆን ብሎ ያደርገዋል። ያኔ ሁለቱ ዳኞች አንድ አንድ ሯጭ ካልተካፈሉ አራቱም ዓይኖች ሁለተኛ ቤዝ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ሦስተኛዋም ያለ ዳኛ ትቀራለች።

ኢንፊልድ ፍላይ የሚባለው ደንብ አጭር ነው። አንደኛና ሁለተኛ ላይ፣ ወይም ሦስቱም ቤዝ ላይ ሯጭ ካለ፣ አውቱም ከሁለት በታች ከሆነ፣ የቅርብ ተከላካይ በተለመደ ጥረት ልትይዘው የምትችለው የተሰቀለ ኳስ ላይ፣ ኳሱ ቢያዝም ባይያዝም መቺዋ አውት ናት። ጥሪው ኳሱ ጫፉ ላይ ሲደርስ ነው፤ ቀድሞ ቢጠራ ነፋስ ሊወስደው ይችላል፣ ዘግይቶ ቢጠራ ሯጮቹ ተታለው ሮጠዋል። መስመሩ አጠገብ ከሆነ «ፌር ከሆነ»፣ ማለትም በመስመሮቹ ውስጥ ከሆነ፣ የሚለው ይጨመራል። ዳኞቹ ሁኔታው ሲፈጠር ከውርወራው በፊት በእጅ ምልክት ይተዋወሳሉ።

የመጨረሻው ዓይነት ለእግር ኳስ ሰው ጨርሶ የማይዋጥ ነው። ሯጭ ቤዝ ሳትረግጥ ካለፈች፣ የተሰቀለ ኳስ ከመነካቱ በፊት ቀድማ ከሄደች፣ ወይም ቡድኑ ያለተራው መቺ ካቆመ፣ ዳኛው ቢያይም አይናገርም። ተከላካዩ ቡድን አቤት ማለት አለበት፤ ያውም የሚቀጥለው ውርወራ ከመወርወሩ በፊት። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው ለዚህ ዳኛ ነው። ዝምታው አፍ ብቻ አይደለም። ቤዙን ደጋግሞ የሚያይ፣ ጓደኛውን የሚጠቅስ፣ ተራ መዝገቡን አውጥቶ የሚያገላብጥ ዳኛ በዓይኑ ነግሯቸዋል። ያለተራዋ የቆመችው መቺ ገና ሳትጨርስ ስህተቱ ከተገኘ ትክክለኛዋ ገብታ የተቆጠረውን ቦልና ስትራይክ (ሦስት ሲሞላ መቺዋን የሚያስወጣ ቆጠራ) ትረከባለች፤ ጨርሳ ከሆነና አቤት ከተባለ አውት የምትሆነው መምታት የነበረባት ልጅ ናት። ጀማሪ ዳኞች ይህን ገልብጠው የመታችውን ያስወጣሉ።

አስቀድሞ በቃል ማስቀረት የሚሠራው እንግዲህ አቤቱታ በማያስፈልጋቸው ነገሮች ላይ ነው። በኢኒንጎች መካከል ለካቸሯ፣ ከሆም ፕሌቱ ኋላ ሆና ውርወራውን ለምትቀበለዋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቆይታዋ እያጠረ ነው» ማለት፣ ጆሮዋ ላይ የቀረ ጌጥ በደንቡ ካልተፈቀደ ከጨዋታው በፊት ማስወለቅ፣ መስመሩ ላይ መቆም ለምታዘወትር ጠባቂ «ኳስ ሳትይዢ ከመንገዱ» ማለት። አንድ ጊዜ ይበቃል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ አሠልጣኝነት ይሆናል፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ደንቡ የለም ማለት ነው።

በመጨረሻው ኢኒንግ አሸናፊዋ ሯጭ ሦስተኛን ሳትረግጥ ሆም ገብታ ቡድኗ ሲጨፍር የቤዝ ዳኛው አይቷታል እንበል። በትምህርት ቤቶቹ ደንብ በጨዋታው የመጨረሻ ድርጊት ላይ አቤቱታ ዳኞቹ ሜዳውን ለቀው እስኪወጡ ድረስ ይቀበላሉ። ዳኛው ሊያድናቸው ብሎ አይሮጥም፣ ሊያስታውሳቸው ብሎም ቆሞ አይጠብቅም። እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ጓደኛውን ይጠብቃል፣ በተለመደ እርምጃ ወደ መውጫው ይሄዳል፣ በሩንም ከኋላው ይዘጋል።